የእቴነሽ ደም የመረጠው መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልጽፍም አልሁ። ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ደጋግሜ እንቢ አልሁ። ባለቤቴ አስካለ ለልጃችን ለእቴነሽ የሾተላይ ክታብ እንድጽፍላት ትፈልጋለች። ብራናው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ የለመደ እጅም አለ። የሌለው ፈቃዴ ነው። በደብራችን በሚካኤል መሪጌታ ሆኜ ዜማ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ደቀ መዛሙርቴን «የመናፍስትን ስም ጽፎ በአንገት ማሰር የእምነት ድህነት ነው» እያልሁ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፣ የራሴ ቤት ሲነካ ብዕር ላነሣ አይገባኝም።

«አንቱ ሰውዬ፣ ሕግ የሚወልድ መሰለዎት?» አለችኝ።

«ሕግ አይወልድም። የተወለደውን ግን ያሳድጋል» አልኋት።

«የተወለደውማ የታለ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቴነሽ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጇ አምና በተወለደበት ዕለት ዐረፈ። አዋላጇ «ልቡ ከመነሻውም እየዘገየ ነበር የሚመታው» ብላ ነበር። መንደሩ ግን ሾተላይ ነው አለ፤ ልጅን ከእናቱ የሚነጥቅ ክፉ መንፈስ ማለቱ ነው። ሐኪሞችም በዚሁ ስም የሚጠሩት የደም አለመስማማት አለ። እሱንም በደብረ ብርሃን አስመረመርናት፤ የእሷ ደም እንዲያ ያለ አይደለም ተባለ። ሐኪሙ ግን ስለ ሞተው ሕፃን ልብ አጥብቆ ጠየቀና፣ አዲስ አበባ ሄዳ ሌላ ምርመራ እንድታደርግ ወረቀት ጻፈ። ምን ዓይነት ምርመራ እንደሆነ ጠየቅሁት። «በሕዋስ አስኳል ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚነሡ አንቲቦዲዎችን መፈለግ ነው» አለ። ቃላቱን ሰማሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።

ነገ እንሄዳለን። ዓርብ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ የደብራችን ንግሥ። ማኅሌቱን ሳልመራ የቀረሁበት ዓመት ትዝ አይለኝም። የደብሩ አለቃ «ታዲያ ማን ሊቆም ነው?» አሉኝ። «ያስተማርኋቸው ካልቆሙ ምን አስተማርሁ?» አልኋቸው። አፌ እንዲህ አለ። ሆዴ ሌላ ነበር የሚለው።

ስንቅ ተሰናድቷል፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቂጣ። እቴነሽ አየችና ሳቀች። «አባዬ፣ ይኼ ሁሉ ለማን ነው? ለእኔ እንደሆነ ያለ ውኃ አንዲት ፍሬ ቆሎ አትወርድልኝም።» እውነቷን ነው። አፏ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ውኃ ከሌለበት ማዕድ አትቀርብም። ሁለት ኮዳ ውኃ አስጨመርሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከመሐል ሜዳ የመጣው ሚኒባስ ሞላሌ ላይ ጫነን። ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ነበር። የእቴነሽ ባል ደጀኔም አብሮን አለ። አናጢ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው። እናቱ «ይህቺ ሴት ሾተላይ አለባት፤ ቤትህን ባዶ ታስቀረዋለች፤ ወደ አባቷ መልሳት» እያለች እንደምትወተውተው አገር ያውቃል። ለእናቱ ምን እንደመለሰላት አላውቅም። ዛሬ ግን መጋዝና መዶሻውን በከረጢት ይዞ መጣ። «ለምንህ ነው?» ስለው «ምርመራው ከቆየ ሥራ ፈልጌ እዚያው እሰነብታለሁ» አለኝ። ይህ ለእናቱም መልስ ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን ላይ ለምሳ ስንወርድ የእቴነሽ ነጠላ ከአንገቷ ተንሸራተተ። አዲስ ክር አየሁ። በክሩ ጫፍ አዲስ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሏል።

«የማን እጅ ነው?» አልኋት።

«የእርስዎ አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«እናቴ ከሌላ ደብተራ አስጽፋ ሰጠችኝ። አባዬ፣ አምኜበት አይደለም። እሷ እንቅልፍ እንድታገኝ ብዬ ነው የያዝሁት።»

ልገሥጻት ነበር። ለእናት እንቅልፍ ተብሎ ስለሚታሰር ክታብ መምህሮቼ ያስተማሩኝ ነገር የለም። ነጠላዋን አስተካክላ ሸፈነችው። ደጀኔ ሻዩን እያማሰለ ወደ ውጭ ይመለከት ነበር።

ማምሻውን አዲስ አበባ ገባን። ደጀኔ እኅት አለችው፤ እሷ ዘንድ ዐረፍን። ደግ ሴት ናት። አልጋዋን ለእቴነሽ ለቀቀችላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የተላክንባት ሐኪም ሰሚራ ትባላለች። በእንዲህ ያለው የደም ምርመራ የሠለጠነች ናት አሉን። ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ነጭ ካፖርቷን ደርባ ተቀበለችን። ወጣት ናት። የጠበቅሁት ሸበቶ ሽማግሌ ነበር። ከመንዝ መምጣታችንን ስትሰማ ፊቷ ፈካ።

«እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ» አለች። «እናቴ ማሽላ እየሸጠች የእናንተን የበግ ጠጉር ባና ትገዛ ነበር። ‹የመንዝ ሰው ቆለኛን ቁልቁል ነው የሚያየው› ትል ነበር።»

«ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ወዴት ይይ ታዲያ?» አልኋት።

ከልቧ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ወደ እቴነሽ ዞራ በጥያቄ ትፈትናት ጀመር። ፀሐይ ሲነካሽ ቆዳሽ ይቆጣል? መገጣጠሚያሽን ያምሻል? ምግብ ስትውጪ ያንቅሻል? ልጄ አንዳንዱን አዎን አለች፣ አንዳንዱን የለም።

«ስታለቅሺስ እንባ ይወጣሻል?»

እቴነሽ «ልጄን የቀበርሁ ዕለት እንኳ አልወጣኝም» አለች። «ዐይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል እንጂ አይወጣኝም።»

ያን ለቅሶ አስታውሳለሁ። ሴቶቹ እየተንሾካሾኩ «ዐይኗም ደረቅ፣ ልቧም ደረቅ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ «ልጄ ጽናትን ከቤቷ ተምራ ነው» ብያቸው ነበር። ኮርቼባት ነበር።

ሐኪሟ ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዐይኗ ቆብ ላይ አንጠለጠለች። ጥቂት ቆየን። የጤነኛ ሰው ወረቀት ይርሳል አለችን። የእቴነሽ ወረቀት ደረቅ እንደገባ ደረቁን ወጣ። እንባና ምራቅ የሚያመነጩት ዕጢዎቿ ተጎድተዋል። ጽናትም አልነበረም፣ ጭካኔም አልነበረም። እያለቀሰች ነበር፤ ያልነበረው እንባው ነው።

ደጀኔ ከኋላችን ቆሞ «እኔ አውቅ ነበር» አለ በቀስታ። «ሌሊት ሌሊት ትንፋሿ ያለቅስ ነበር።»

መንደሩ አንድ ፍርድ ፈረደ፣ እኔ ሌላ ፈረድሁ። ያወቀው ይህ ዝምተኛ ሰው ብቻ ነው።

ደም ተቀዳ። ነገ ተመለሱ ተባልን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ያየሁትን በልክ መጻፍ ይቻለኝ እንደሆነ አላውቅም። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ሐኪም ሰሚራ «መሪጌታ፣ የልጅዎ ደም የሠራውን ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ወደ አንዲት ጠባብ ጨለማ ክፍል አስገባችን። ስገባ እጄ ከልማዱ ጫማዬን አወለቀ። «ማውለቅ አያስፈልግም እኮ» አለች። «አንዴ ወልቋል» አልሁ። እቴነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

በመጀመሪያ አስረዳችኝ። በአንዲት ቀጭን መስተዋት ላይ የሰው ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ ሰውነታችን የተሠራበት፣ ዐይን የማያየው ጡብ። በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል አስኳል አለ። በአስኳሉም ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸው ፕሮቲኖች አሉ። በእነዚህ ላይ የእቴነሽን የደም ውኃ ያፈስሱበታል። ከደሟ ውስጥ በአስኳሉ ላይ የሚነሣ ዘብ፣ ያ ሐኪም አንቲቦዲ ያለው፣ ካለ ሄዶ ይጣበቃል፤ ሌላው ታጥቦ ይወርዳል። ከዚያ የሚያበራ ቀለም ይጨምሩበታል፤ ቀለሙም የሚይዘው የተጣበቀውን ብቻ ነው። ምንም ካልተጣበቀ ጨለማ ይሆናል።

ጎንበስ ብዬ በማጉያው አየሁ።

በስመ አብ! ጨለማው ሁሉ አረንጓዴ ብርሃን ነበር። ክብ ክብ ብርሃን፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ፣ ተዘርቶ የበቀለ ይመስላል። ትኩር ብዬ ሳይ እያንዳንዱ ክብ ሙሉ ብርሃን አልነበረም፤ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስል በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ነበር። ነጠብጣቡም ለሚያውቅ ይነበባል አለችኝ፤ ሌላ በሽታ ሌላ መልክ ይሥላል። ሰማይን በሌሊት ቀና ብዬ አይቻለሁ። ሰማይን ጎንበስ ብዬ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በልጄ ደም የበራ ነው።

«ብርሃኑ በሽታው ነው?» አልኋት።

«ብርሃኑ የእኛ ቀለም ነው። በሽታው ቀለሙ የተጣበቀበት ነው።»

«ዘብ ካልሽ ጠባቂ ነው። ጠባቂ እንዴት የገዛ ቤቱን ይይዛል?»

«በእናንተ አገር፣ በጓሳ ሜዳ ላይ ሣር ሳይፈቀድለት የሚያጭደውን የሚይዙ ጠባቂዎች አሉ አይደል?»

«አሉ። እኛው የመረጥናቸው።»

«ጠባቂው ባለ መብቱን ሌባ ነህ ብሎ ቢይዝስ?»

«ይሻራል።»

«እኛ መሻር አንችልም፣ መሪጌታ» አለች። «ማለዘብ ነው የምንችለው።»

ከዚያ ሁለተኛውን አሳየችኝ። ከጣት የቀጠነች ነጭ ቁራጭ ናት። በላይዋ ላይ ከአስኳል የተወሰዱ ፕሮቲኖች በመስመር በመስመር ተቀምጠዋል፤ ደሙ እስኪያርፍባቸው ግን አይታዩም። ብራና ስናሰናዳ በወስፌ የምናሰምረው መስመርም እንዲሁ ነው፤ ቀለም ካላረፈበት ጀማሪ ዐይን አያገኘውም። ይህኛው መስመር ቢጠቁር ቆዳን የሚያደርቀውን በሽታ ይጠቁማል፤ ያኛው የጡንቻውን፤ ኤስ ኤም የሚባለው ደግሞ ሉፐስ የሚባለውን። ደም ከእነዚህ ሁሉ መካከል የራሱን ይመርጣል። ሌላውን እንዳላየ ያልፋል።

የእቴነሽ ደም የመረጠው ሮ የሚባለውን ነው። መስመሩ እንደ ጥሩ ቀለም ጠቁሯል።

«ሮ የማን ቋንቋ ነው?» አልኋት።

«የበሽተኛ ስም መነሻ ነው። ይህ ነገር መጀመሪያ የታየው በአንድ በሽተኛ ደም ነበር፤ ከስሙ መነሻውን ወስደው ጠሩት። ላ የሚባልም አለ፤ እሱም እንደዚሁ።»

ይህን ሰምቼ ቁጭ አልሁ። ንጉሥ አይደለም፣ ሊቅ አይደለም፣ ጻድቅም አልተባለ። የታመመ ሰው ነው። ሕመሙ በስሙ ተጠርቶ፣ ዛሬ የመንዝ ልጅ ከምን እንደታመመች አስታወቀ። እምነቱን አላውቅም። በጸሎት ስሙን ላነሣው ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሥርዓቱን አውጥቼ አውርጄ አላገኘሁም። ማምሻውን ግን «ያንንም በሽተኛ አስበው» ብያለሁ። እግዚአብሔር ስሙን ሙሉውን ያውቃል።

ከባዱን ነገር በመጨረሻ ነገረችን። እናት የደሟን ዘቦች በእንግዴ ልጁ በኩል ለጽንሱ ስንቅ አድርጋ ትልካለች፤ ሕፃን ተወልዶ ከበሽታ የሚጠበቀው በዚሁ ነው። ሮን የሚይዘው ዘብም ከደጎቹ ጋር አብሮ ይሻገራል። ከብዙ እናቶች በጥቂቶቹ ላይ የጽንሱን ልብ ይጎዳል፤ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው ትእዛዝ የሚያደርሰውን መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ ልብ ይዘገያል።

«የመጀመሪያው ልጄ…» አለች እቴነሽ።

«ሳላየው በእርግጠኝነት አልናገርም። ግን ይመስለኛል።»

«ሾተላይ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እኔው ነኛ!»

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች። «ስሚኝ እቴነሽ። ሰውነትሽ የሳተው ልጅሽን ሊጠብቅ ዘብ ሲልክ ነው። ጠልቶ አይደለም የሳተው።»

እቴነሽ ዐይኗን በእጇ ጫነች። ደጀኔ እጁን በትከሻዋ ላይ አሳረፈ። በአባቷ ፊት ነው ያደረገው። ሌላ ቀን ቢሆን ነውር ነው እል ነበር።

«የዚህኛውስ ልብ?» አልሁ።

«ነገ ይታያል» አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ንግሥ ነው። ማለዳ ተነሥቼ በመስኮቱ ሥር ቆምሁ። በዚህ ሰዓት ከበሮው ተነሥቷል፣ ጽናጽሉ ተነሥቷል። ማን ይመራ ይሆን? ድምፁ የሚቀጥነው ነው ወይስ የሚቸኩለው? ኩራት በእንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ አይተኛም። ውዳሴዬን በለሆሳስ አድርሼ ወጣሁ።

የልብ ሐኪሙ ሌላ ቤት ነው። እቴነሽ ጋደም አለች። በሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አሳረፈ። በመስኮት መሰል ነገር ላይ ጥላ ይላወሳል። ምንም አልለየሁም። ቀጥሎ አንድ ነገር ነካና ድምፅ መጣ።

ፈጣን ነበር። ጥርት ያለ፣ ያልተደነቃቀፈ። ወረቡ ሞቆ ከበሮው የሚፋጠንበትን ጊዜ ይመስላል። ገና ስም የሌለው፣ ፀሐይ ያላየ ፍጡር የራሱን ማኅሌት ቆሟል። ወደ መሣሪያው ጠጋ አልሁ።

«ምኑን ነው የሚለኩት?» አልሁት።

«ላይኛው ክፍል ከመታ በኋላ ታችኛው እስኪመታ ያለችውን ዕረፍት።»

ይህስ ገባኝ። ደቀ መዝሙር ከበሮ ሲማር ምቱን ለመያዝ አይቸገርም፤ የሚያስቸግረው በምትና በምት መካከል ያለችው ዝምታ ናት። እሷ ከተዛነፈች ሁሉም ይፈርሳል። ሐኪሙ እዚያች ዝምታ ውስጥ ገብቶ ይለካል። የሰው ልጅ እንዴት ያለ ነገር ላይ ደረሰ! ፈጣሪስ ይህን ሁሉ በእንዴት ያለች ቀጭን ክር አንጠለጠለው!

«ዕረፍቷ ብትረዝም?»

«ጉዳቱ ጀመረ ማለት ነው።»

ለካ። ደግሞ ለካ። ክፍሉ ውስጥ ያ ድምፅ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ቀና አለ።

«በልኳ ናት» አለ። «ዛሬ።»

«ዛሬ» የምትለውን ቃል እንዲህ ፈርቻት አላውቅም።

ሐኪም ሰሚራ መድኃኒት አዘዘች። ቀድሞ ለወባ ይሰጥ የነበረ ክኒን ነው። «የቆላ መድኃኒት ለደጋ ሰው» ብላ ቀለደች። ዘቡን ያለዝባል፣ የልጁንም ልብ ለመጠበቅ ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም አለች፤ ይህንን ሳትሸፋፍን ነገረችን። ስላልሸፋፈነች አከበርኋት። እስከ ሰባተኛው ወር አካባቢ በየሳምንቱ ልቡ ይለካል። ዕረፍቷ ከረዘመች በጊዜ እንዲታወቅ ነው። እቴነሽና ደጀኔ እዚሁ ይቆያሉ። ደጀኔ የኮርኒስ ሥራ አገኘ።

እኔ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ስልካችን ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም፤ አስካለ አንዳች ነገር አልሰማችም።

ስለያት እቴነሽ «አባዬ፣ ክታቡን ልስጥዎት? ለእናቴ ይመልሱላት» አለችኝ። «አይሆንም» አልሁ። «አንገትሽ ላይ አይታ ነው የሸኘችሽ። አንገትሽ ላይ ነው የምታስበው።» ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ራሴም ደነገጥሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ትናንት በደብረ ብርሃን አድሬ ዛሬ ቤቴ ገባሁ። የገብሱ ነዶ ተሰብስቦ ተከምሯል። አስካለ ግቢው ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰላምታዬን ሳልጨርስ የደጀኔ እናት ወይዘሮ ብዙነሽ ደረሱ። የመምጣቴን ወሬ ከሚኒባሱ ቀድመው የሰሙ ይመስለኛል።

«ምን አሏችሁ?» አሉ ቆመው።

«ሾተላይ አይደለም። በደሟ ውስጥ ሮ የሚባል ምልክት ተገኘ።»

«ሮ? ይኼ ደግሞ የየት አገር ጋኔን ነው?»

«ጋኔን አይደለም ወይዘሮ ብዙነሽ፤ ስሙ ከአንድ በሽተኛ ስም የመጣ ነው።»

«እሰይ! ሰው ነው? ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ደሟ ውስጥ ገባ?»

አስረዳሁ። ስለ ዘቡ ተናገርሁ፣ ስለ አስኳሉ፣ ስለ አረንጓዴው ብርሃን። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ፤ ግማሹን የማውቀውን ነገር ሳስተምር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ማመናቸውን አላውቅም።

«ልጄስ?» አሉ።

«ከሚስቱ ጋር ቀርቷል። ሥራም ይዟል።»

«ብርድ ልብስ አለው?» አሉ። «የኅዳር ብርድ መጥፎ ነው። ለሁለት የሚበቃ ባና እልካለሁ።» ይህን ብለው ሄዱ። ከዚህ የበለጠ ከእሳቸው አልጠብቅም፤ ይህም ብዙ ነው።

ከአስካለ ጋር ብቻችንን ቀረን። እቴነሽ ስለ ልቅሶዋ ቀን የተናገረችውን ነገርኋት። አጎንብሳ ሰማች። ስለ ክኒኑ ነገርኋት። በየሳምንቱ እንደሚለካ ነገርኋት።

«በሚመጣው ዓርብስ?» አለች።

«አላውቅም።»

«በዚያኛውስ?»

«አላውቅም አስካለ። ሐኪሞቹም አያውቁም።»

እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም። ቀረብ ብላ በመደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ልቡን ሰምተውታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንዴት ነው የሚለው?»

በቃል ልናገር ሞከርሁና አቃተኝ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ከበሮ መትቼ አላውቅም፤ ሥርዓት ነው፤ ለተማሪም አልፈቅድም። ጎኔ ያለውን የእህል ሣጥን በሁለት ጣቴ መታሁላት። ፈጠን አድርጌ፣ ያችን ትንሽ ዕረፍት በልኳ ጠብቄ። ላይኛው፣ ታችኛው። ላይኛው፣ ታችኛው። አስካለ እጇን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ በመዳፏ ሰማችው።

ጣቴን አነሣሁ። እጇን ግን አላነሣችም።

«ይድገሙልኝ» አለችኝ።

ደገምሁላት።